እቤትሽ መጥቼ ያልወለድኩበት ምክንያት

ለምሳሳልሽ እናቴ ለወይዘሮ ሀብትነሽ ቢሻው፤

እንዴት ሰነበትሽ እናት ዓለም? እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ያ ጠዋት ጠዋት የሚይዝሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከብርዱ ጋር እየታገልሽ ነው? ወንድሜ ስሜነህ፣ ባለቤቱ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ናቸው? ገብሱስ ተዘራ? እኔና አዛናው፣ አሁን ደግሞ ሦስተኛዋ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽና ከዚህ ከቆላው ሙቀት በቀር ምንም አልሆንንም።

ሦስተኛዋ ያልኩትን መልሰሽ እንዳታነቢው፤ በትክክል ነው ያነበብሽው። የልጅ ልጅ አለሽ። ግንቦት አንድ፣ በልደታ ዕለት ተወለደች። ሴት ናት። እሷም ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ። ይህን ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው፤ የቀረውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ። እናንተ ዘንድ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ስደውል ስደውል ሰለቸኝና ነው ደብዳቤ የጻፍኩት። የሚያመጣልሽ የጎረቤታችን ልጅ አለምሰገድ ነው። እርሻ ሊሠራ ወርዶ ወባ ጥሎት ነበር፤ አሁን ድኖ አገሩ ደርሶ ሊመለስ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የተማርሽው ፊደል እንዳያስቸግርሽ አጉልቼ ጽፌያለሁ። ለማንም አታስነብቢው፣ ራስሽ አንብቢው።

በጥር፣ ስልኩ ሳይቋረጥ ያስማልሽኝን አልረሳሁትም። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው፣ ስምንተኛው ወር ሲገባ ወደኔ ውጪ አልሽኝ። መንገዱ ከተዘጋብሽም ያለሽን ሸጠሽ የግል ክሊኒክ ሂጂ፣ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ግን እግርሽ እንዳይረግጥ አልሽኝ። ታላቅ እህቴ እታለም ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ነውና የሞተችው፣ በእሷ አጥንት አስማልሽኝ። እኔም ማልኩልሽ። እናቴ፣ መሐላውን አፍርሻለሁ። እንዴት እንዳፈረስኩት ልንገርሽ፣ ከዚያ ብትቆጪም ተቆጪ።

መቼም መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ አንድ ሳምንት ተከፈተ ይባላል፣ በሁለተኛው ይዘጋል። ሆዴን ይዤ ጃናሞራ ድረስ መውጣት የማይሆን ሆነ። ስለዚህ የቀረው ወይ የመንግሥት ወይ የግል ነው። የጤና መድን እንደሆነ የለንም። እዚህ መድን ውስጥ የሚገባው የቀበሌው ነዋሪ ነው፤ እኔና አዛናው ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳሉግ እየተባልን ነው የኖርነው፤ ከደጋ ወርዶ ሰሊጥ የሚያርምና የሚያጭድ ሠራተኛ እዚህ አገር ሳሉግ ነው የሚባለው። አዛናው ትራክተር ነጂ ከሆነና እዚህ ሽንፋ ቤት ከተከራየን በኋላም ስማችን አልተለወጠም። እኔማ የመድን ካርድ የሌላትን ሴት የመንግሥት ጤና ጣቢያ ከበር ይመልሳታል ብዬ ነበር የማምነው። አዛናውም እንደዚያው፤ እንዲያውም ደስ ብሎት ካንቺ ጋር አንድ ሆኖ የግል የግል ይላል። ሚስቱን ለምኖ በነጻ አስወለደ ከሚሉኝ ትራክተሩ ሥር ብገባ ይሻለኛል ነው የሚለው። ያጠራቀመውን የአጨዳ ገንዘብ በጨርቅ ቋጥሮ ይዞ፣ ቢጤዎቹ ፊት በኩራት ሊያወጣው ቀን ይጠብቃል።

ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ መተማ ዮሐንስ ወሰደኝ። ክሊኒኩን አላማውም። ወለሉ ፊት ያሳያል፣ ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ የምታስተናግደዋ ልጅ እመቤት ትለኛለች። እኔ ከተወለድኩ እመቤት ብሎ የጠራኝ ሰው የለም፤ አዛናው ግን ራሱ የተጠራ ይመስል ደረቱን ነፋ። ሐኪሙም ጨዋ ሰው ነው። በማሽኑ ሆዴን አየና ስንት ወርሽ ነው አለኝ። ስምንቴን ልጨርስ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀና፣ የለም፣ ለመውለድ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ቢቀርሽ ነው አለኝ።

ጥፋቱ የኔው ነው። የካቲት ላይ ለወባ ምርመራ ብቻ ብዬ ጤና ጣቢያው ሄጄ ሳለ አዋላጅ ነርሷ ሆዴን አይታ የወር አበባሽ መቼ ነው የቀረው ብትለኝ በሁለተኛው አረም ብያት ነበር። እዚህ ሰው ዘመኑን የሚቆጥረው በሰሊጥ ነው፤ በዘር፣ በመጀመሪያው አረም፣ በሁለተኛው አረም፣ በአጨዳ። እሷም ሁለተኛው አረም ስላት የሽንፋ ሰው ሁሉ የሚያርምበትን የነሐሴን መጨረሻ ጻፈች። እኛ የምንሠራለት የእርሻው ጌታ ግን አምና ከሁሉ ቀድሞ ነው የዘራው፤ እኛ ሁለተኛውን አረም የጨረስነው ሐምሌ ሳያልቅ ነው። እኔ ብልጧ ይህን አልነገርኳትም፤ ዓለም ሁሉ ከኛ እርሻ ጋር የሚያርም መስሎኛል። ያ ማሽን ባያጋልጠኝ ኖሮ ገና ወር አለኝ እያልኩ እርሻ ላይ ምጥ ይይዘኝ ነበር። ስለዚህ የክሊኒኩን ውለታ አልረሳም።

እዚያ አልጋ ላይ ተጋድሜ ሳለ እታለም መጣችብኝ። ተነሥቼ ልብሴን አስተካከልኩና ሐኪሙን አንድ ነገር ጠየቅኩት። ከወለድኩ በኋላ ደሜ አልቆም ቢል ምን ታደርጋላችሁ አልኩት። አልዋሸኝም፣ እግዜር ይስጠው። እኔ እዚህ የምገኘው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ የሚከብድ ነገር ከመጣ ወደ ሆስፒታል እንልካለን አለኝ። በምን አልኩት። መኪና ቤተሰብ ይከራያል አለኝ። አዛናው ለማስያዣ ጨርቁን መፍታት ጀምሮ ነበር፤ እጁን ያዝኩና ይዤው ወጣሁ። ከመተማ እስከ ሽንፋ ያን ጨርቅ ሲፈታና ሲቋጥር መጣ።

በማግስቱ ብቻዬን ጤና ጣቢያው ሄድኩ። እዚያ እመቤት የሚል የለም። ግቢው ውስጥ ፍየል ይዞራል፣ አልጋው ይንቋቋል፣ መጋረጃው ከመታጠብ ብዛት ቀለሙ ጠፍቷል። አዋላጅዋ መስቱራ ትባላለች፤ አጭር፣ ቆፍጣና፣ ምላሷ ካንቺ ምላስ የማይተናነስ። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳት። መልስ ሳትሰጠኝ ክንዴን ይዛ አስገባችኝና ፍሪጁን ከፍታ ደም የሚያቆመውን መርፌ አሳየችኝ። መብራት ሲጠፋ መድኃኒቱ የሚቀመጥበትን የበረዶ ሣጥን አሳየችኝ። የአምቡላንሱ ሹፌር ስልክ ግድግዳው ላይ ተጽፏል፣ እሱንም አሳየችኝ። ከዚያ በመስኮት ከግቢው ጥግ ያለችውን አንድ ክፍል ቤት ጠቆመችኝና ያ ቤቴ ነው፣ ብትጠሪኝ ሻሼን አስሬ እስክወጣ ነው የምቆየው አለችኝ። መድን የለኝም፣ ካርድ የለኝም ብላት፣ በየካቲትም ነግሬሽ ነበር፣ እዚህ ወላድ አትከፍልም፣ ለመውለድ የመድን ካርድ የሚጠይቅሽ የለም ብላ ተቆጣችኝ። እውነትም ያኔ ነግራኝ ነበር፤ አላመንኳትም ነው እንጂ። የአረሙን ነገር ስነግራት ደግሞ የጻፈችውን ሰረዘችና ዛሬውኑ ዕቃሽን ይዘሽ ማቆያው ግቢ አለችኝ። ማቆያ የሚሉት ቀናቸው የደረሰ ነፍሰ ጡሮች ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ እየተመገቡ የሚሰነብቱበት ቤት ነው።

እናቴ፣ አሁን የምጽፈውን ቀስ ብለሽ አንብቢው። እታለም የሞተችው ጤና ጣቢያ ስለሄደች አይደለም። ሁለት ቀን ቤት ውስጥ አምጣ፣ በቃሬዛ ግማሽ ቀን ተጉዛ፣ ደሟ ካለቀ በኋላ ነው የደረሰችው። እኔ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጫማዋን ይዤ ከቃሬዛው ኋላ ሄጃለሁ። አንቺ ያን አልጋ ጠላሽው። እኔ የጠላሁት መንገዱን ነው። ልወቅስሽ አይደለም፤ አንቺም እናትሽ ያደረገችልሽን ነው ያደረግሽላት፣ የበኩር ልጇን በእናቷ ቤት እንድትወልድ ነው የፈለግሽው። ማንም ከዚያ የተሻለ አላወቀም። እኔ ግን መርፌው ካለበት ቤት ርቄ አልወልድም ብዬ ቆረጥኩ።

አዛናው ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፎ ማቆያው ድርሽ አላለም። በሦስተኛው ቀን ሲመጣ እኛ ክፍል ውስጥ ያየው ማንን መሰለሽ? ዘሀቢያን። ዘሀቢያ ገበያው መሐል ትልቅ ሱቅ ያለው ነጋዴ ሚስት ናት፤ ባሏ ቢፈልግ ክሊኒኩን ከነማራገቢያው ይገዛዋል። እንዴት እዚህ ብሎ ሲጠይቃት፣ ሁለቱን ልጆቼን የተቀበለችልኝ መስቱራ ናት፣ ሦስተኛውን ለማን ልስጥ አለችው። ከዚያ ወዲያ የክብሩን ነገር አንሥቶ አያውቅም። በማግስቱ ለሁላችንም ሐብሐብ ተሸክሞ መጣ። የባለሱቅ ሚስት የገባችበት ቤት አያዋርድም ማለት ነው። ወንዶች እንዲህ ናቸው እንግዲህ።

የልደታ ዕለት ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለው ግቢው ውስጥ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጠን እየበላን ሳለ ምጡ መጣ። ቀትር ነበር፤ ፀሐይዋ ሳትዘቀዝቅ ወለድኩ። ሴቶቹ ከደጅ ማርያም ማርያም ይላሉ፣ ዘሀቢያ በሷ በኩል ያ ረቢ ትላለች፣ መስቱራ ሁሉንም ዝም በሉ ትላለች። ልጅቷ ጮኸች። እልልታው ለሴት ሦስት ነው፤ ዘሀቢያ ግን ማን ቆጠረው ብላ ሰባት አደረሰችው።

ከዚያ ደሙ መጣ። አዎ እናቴ፣ ያው የእታለም ደም። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ እንደ ውኃ ወረደ፣ ጆሮዬ ጭው አለ፣ መጋረጃው ራቀኝ። መስቱራ ከፍሪጁ መርፌውን አምጥታ ወጋችኝ፣ በሌላው እጄ ጉሉኮስ ተሰካ፣ እሷ በሁለት እጇ ሆዴን ተጭና እየተሳደበች ትይዘኛለች። ውቢት ዓይንሽን ክፈቺ፣ ውቢት ልትሞቺብኝ ነው ወይ የመጣሽው፣ እያለች። አምቡላንሱም ተጠርቶ ደጅ ደርሶ ነበር። ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀ ሳለ ደሙ ቆመ። መስቱራ ቆመ አለችና ሄዳ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የፈራሁት ያኔ ነው፤ እስከዚያ ለመፍራትም ጊዜ አልነበረኝም። አዛናው በር ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር አሉ። እሱ ላብ ነው ይላል።

እናቴ፣ እኮራለሁ። ማፈር ካለብኝ በመሐላው ነው፤ በቀረው ግን ቀና ብዬ ነው የምሄደው። የደጋ ልጅ፣ ያች ሳሉግ፣ ሁለቱንም ቤት ዞራ፣ ጠይቃ፣ መርምራ መረጠች ይላሉ። አዛናው ትራክተር ነጂዎቹን ሰብስቦ ስለ መርፌው ሲያስረዳ ብትሰሚው ራሱ ወልዶ የመጣ ነው የሚመስልሽ። በዚህ ወር እንኳ ከእርሻው ሁለት ነፍሰ ጡሮችን በተጎታቹ ላይ ፍራሽ አንጥፎ ማቆያው አድርሷል። መስቱራም አሁን ሁለተኛ አረም የምትል ሴት ስትመጣባት የማን እርሻ ብላ ነው መጀመሪያ የምትጠይቀው። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ልጅቷን አባቷ ማስተዋል ብሏታል። አፍንጫዋ ያንቺ ነው፤ ቁጣዋም ወደዚያው ነው።

አርባ ቀኔን እንደጨረስኩ እሷን አዝዬ ቀበሌ ሄድኩ። ሣጥን ውስጥ ዓመት ሙሉ የተኛውን የኔንና የአዛናውን መሸኛ ወስጄ ሰጠኋቸው፤ ከእንግዲህ ሳሉግ አይደለንም፣ ነዋሪዎች ነን። የመድን ምዝገባው ከአጨዳ በኋላ ነው፤ የቤተሰብ ቅጹ ግን አሁን ይሞላል አሉኝ። ጸሐፊው በአንደኛው መስመር አዛናውን፣ በሁለተኛው እኔን፣ በሦስተኛው ማስተዋልን ጻፈ። ሌላ ሰው አለ ወይ አለኝ። እናቴ አለች አልኩት። አብራችሁ ትኖራለች ወይ አለኝ። ሐምሌ ሃያ ለልጅቷ ክርስትና ትመጣለች፣ ከዚያ አልለቃትም አልኩት። እዚህ ለሌለ ሰው አይጻፍም አለኝ። ልጅቷን ከጀርባዬ አውርጄ ጠረጴዛው ላይ አስተኛኋትና ቆምኩ። እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠና እርሳስ አነሣ። አራተኛው መስመር ላይ ሀብትነሽ ቢሻው፣ እናት፣ ብሎ ጻፈ። መሸኛዋን ይዛ ከመጣች በእስክሪብቶ አጸናዋለሁ፣ ካልመጣች በላጲስ አጠፋዋለሁ አለኝ። እናቴ፣ ከቤታችን አንድ ሴት ጠፍታብናለች፣ ያንቺ ስም ደግሞ ሲጠፋ ቆሜ አላይም። ብትቆጪም ፊት ለፊት መጥተሽ ተቆጪኝ። መሸኛሽን አውጪና ከአለምሰገድ መልስ ጋር ውረጂ።

ወንድሜን ስሜነህን፣ ቀበሌው መሸኛ ለመስጠት ቢያንገራግር እሱ ይጨቃጨቅልኝ ብላለች በይልኝ፤ ጭቅጭቅ ይችልበታል። ለባለቤቱ፣ አንቺን ስለምወስድባት ይቅርታ በይልኝ፣ ከጉንጯም ሳሚልኝ። ልጆቹን እያንዳንዳቸውን በየስማቸው እየጠራሽ ሳሚያቸው፤ የአክስታቸው ልጅ ትጠብቃቸዋለች። አዛናው ጉልበትሽን ይስማል። ማስተዋል ገና ሰላምታ አታውቅም፤ እሷን መጥተሽ ራስሽ አስተምሪያት።

ሁልጊዜ የምትሳሳልሽ ልጅሽ
ውቢት

ሽንፋ፣ ምዕራብ ጎንደር
ሰኔ ፲፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.