ልሙጡ ኮክ

ለናፈቅሽኝ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። አባትሽም «ደህና ነው በያት» ብሎኛል፤ እንዳለኝ ጽፌያለሁ።

ኮኮቹ ዘንድሮ አበባቸው ለጉድ ነው። አባትሽ ግን አንድ ነገር እየሸረበ ነው። «መቀሴን ንክች እንዳታደርጊ!» ሲለኝ የኖረ ሰው፣ ገና ሳያብቡ መቀሱን አስጨብጦኝ «ያረጀውን ከርክሚ፤ ፍሬ የሚይዘው አምና የበቀለው ቀንበጥ ነው» እያለ ከኋላዬ ቆመ። ተሳስቼ ደህናውን ስቆርጥ እንኳን አልጮኸብኝም። እሱ! አይገርምሽም?

ከተማ መመላለስም አብዝቷል። «ችግኝ ፍለጋ ነው» ይለኛል፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሸሚዙ ሁሉ ሰፍቶታል፤ «አጥበሽ አጥበሽ ለጠጥሽው» ብሎ በኔ ያሳብባል። አንቺ ስትደውዪ ደግሞ ስልኩን ይዞ ጓሮ ይወጣል፤ ጠጋ ስል ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል። ዝናቡን እዚህም አይቼዋለሁ፤ ሁለታችሁም ሞኝ አታድርጉኝ።

ትናንት በስንት ጊዜው አንድ ችግኝ ይዞ መጣ፤ ያንን ጠጉር የሌለውን ልሙጡን ኮክ፣ እኔ የምወደውን። አብረን ተከልነው።

«መቼ ነው የሚያፈራው?» አልኩት።

«በሦስተኛው ዓመት ትበያለሽ» አለኝ።

እንበላለን አላለም። ቀና ብዬ ሳየው አቀርቅሮ አፈሩን በእግሩ ይጠቀጥቃል።

እንግዲህ ሲደውልልሽ፣ እናቴ «እንበላለን» ብላለች በይልኝ። ዝናቡን ከመጀመሩ በፊት በይው።

ሦስታችንንም እዚያችው ዛፍ ሥር በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ