ብስክሌቷ ከፈጠነች በኋላ

ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? መኪና ሥር ተንጋለህ ከዋልክ በኋላ ቀና ማለት ያስቸግርህ ነበር፤ እትዬ የምታሽህ ቅባት ረዳህ ወይስ አሁንም እያቃሰትክ ነው የምትነሳው? እማዬ ዓይኗ ከታከመ ወዲህ ክሩን ራሷ በመርፌ ቀዳዳ ታስገባለች ወይ? መንታዎቹስ ተስማሙ ወይስ አሁንም አንዱ ሲያለቅስ ሌላው ምክንያቱን ሳያውቅ ያግዘዋል? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ጉንጬን ከመላጡ በቀር የማማርረው የለኝም።

ባለፈው ስንደዋወል አንድ ደንበኛህ የኤሌክትሪክ ብስክሌቱን አፍጥንልኝ ብሎ ጋራዥ ጥሎብህ እንደሄደ ነግረኸኝ፣ የኔን እንዴት እንዳደረግሁ ልነግርህ ስጀምር መስመሩ ተቋረጠ። በስልክ ከምንተባተብ ልጻፍልህ ብዬ ነው። ነገሩ ግን ከሞተርና ከባትሪ አልፎ ሄዷል፤ ታገሠኝ።

ሥራዬን ታውቃለህ፤ ከመድኃኒት ማከማቻው እየተረከብኩ ለየቤቱ አደርሳለሁ። እያንዳንዱ ዕቃ ስልኬ ላይ ከነመድረሻ ሰዓቱ ይመጣል፤ ሰዓቱ ካለፈ ቁጥሩ ቀይ ይሆናል። የሚቆጣህ ሰው የለም። ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ ለሚቀላበት ሰው ግን ሥራው ራሱ እየሳሳ ይሄዳል። ብስክሌቷ ደግሞ ከተሠራች ጀምሮ በሰዓት ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ሞተሩ እንዲለግም ተደርጋለች። ዳገት ላይማ ጭነቱ ከበዛ እኔ እሷን እገፋለሁ እንጂ እሷ እኔን አትሸከምም።

ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት አንድ ብስክሌት ጠጋኝ አለ። የኋላ ጎማዋን ፈትቶ ቸርኬው መሐል ያለውን ሞተር አወጣና በአራት እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ያለው ገጠመልኝ። ባትሪዋን ከሠላሳ ስድስት ቮልት ወደ ሃምሳ ሁለት አሳደገው፤ ፍጥነቱ የሚመጣው ከቮልቱ ነው ይላል። ኤሌክትሪኩን የሚመጥነው አሮጌው መቆጣጠሪያ ያንን ስለማይችል እሱንም ቀየረው። ከዚያ በቃ ልሂድ ብለው የብስክሌቷን ቁልፍ ከለከለኝ። የላስቲክ ፍሬኑን አውልቆ የዘይት ፍሬን ሳያስገባ፣ የጎማው ዘንግ፣ አክሱ፣ ዞሮ እንዳይወጣ በወፍራም ብረት ሳያስር አልለቅም አለ። መሪዋ ላይም አንዲት ቁልፍ ገጠመ፤ ስትጫን ወደ ድሮው ፍጥነት ትመልሳለች። መንገድ ላይ የሚፈቀደው ይሄኛው ነው ብሎ አስጠነቀቀኝ። እኔ ግን ቁልፏን ብዙም አልነካኋት።

መጀመሪያ ዳገቱን የወጣሁ ቀን ቁልቁለት መሰለኝ። ሥራ ጨርሼ እግሬ አለመዛሉን ሳየው ያልሠራሁ ሁሉ መሰለኝ።

ከዚያ ስልኬ ላይ የሚሰጠኝ የማድረሻ ሰዓት ማጠር ጀመረ። መጀመሪያ የኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ በዚያ መስመር የምንሠራው ሁሉ አጠረብን። ሥራ የምታከፋፍለውን ሴትዮ ብንጠይቃት ሰዓቱን የሚወስን ሰው የለም አለች። ማሽኑ ሰዎች በስንት ሰዓት እንደደረሱ አይቶ ለሚቀጥለው ይጽፋል፣ እንዲያው ነው አለችን። ጓደኞቼም አንድ በአንድ ሞተር ማስቀየር ያዙ።

ያልቀየረው አባ ዝግታ ብቻ ነበር። አገር ቤት የጭነት መኪና ሾፌር የነበረ፣ ሃምሳውን ያለፈ ሰው ነው፤ ስሙን ያወጣንለት ወደ ነፍስ አባቱ እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ነው። እዚህ ስመጣ መንገዱን ያሳየኝ እሱ ነው፤ የትኛው ደወል እንደማይሠራ፣ የትኛው ግቢ ውሻ እንዳለበት። ለሽማግሌዎቹ ክኒኑን ደጃፍ ላይ ቆሞ ያስረዳል። ቁጥሩ ሁልጊዜ ቀይ ነው። ሥራው እየቀነሰ ሄዶ ማንም የማይፈልገው ሩቅ ሩቁ ብቻ ቀረለት። እኔ ራሴ የሱን ሰፈር ዕቃ ሳደርስ ሰነበትኩ።

አንድ ጠዋት እሱም አስቀይሮ መጣ። የሠራለት አንድ ጎረቤቱ ነው። ሞተሩ የፊት ጎማ ላይ፣ ባትሪው በፕላስተር ተጠፍሮ፣ ፍሬኑ ግን ያው የላስቲኩ። በዚህ አትንዳ ብዬ ለመንኩት። ፍሬኑ በሚቀጥለው ወር ይደርሳል ብሎኝ ሄደ።

ያን ሳምንት ዘነበ። በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያለውን ቁልቁለት ስንወርድ እኔ ከኋላው ነበርኩ። ከግቢ አንድ ሚኒባስ ወጣ። ፍሬን ሲይዝ ላስቲኩ እርጥቡ ቸርኬ ላይ ሲንሸራተት አየሁት። መሪውን ወደ አጥሩ ጠመዘዘና ከግንቡ ተላተመ። ስደርስ ባትሪው ይጨስ ስለነበር ብስክሌቱን ጎትቼ ከሱ አራቅሁት። ትከሻው ቦታውን ለቆ ነበር። ቀና ብሎ አይቶኝ፣ «መድኃኒቱን እዪልኝ፣ ተሰብሯል?» አለኝ። የዓይን ጠብታ ነበር፤ አልተሰበረም። አምቡላንስ እሱን ከወሰደው በኋላ ጠብታውን አደረስኩት። ቁጥሩ ቀልቶ ነበር።

ሆስፒታል ልንጠይቀው ስንሄድ አልጋውን ከበብነው። አንዱ አቤት እንበል አለ፤ ሌላው ለማን አለ፤ ለማሽን? አባ ዝግታ ሲስቅ ጎድኑ እያመመው፣ «ማሽኑ ከእናንተ ነው የሚማረው አላለቻችሁም? እንግዲያው ዝግታም አስተምሩት» አለ። ሳቅን። ስንወጣ ግን ከነገ ጀምሮ በዝግታ ልንነዳ ተስማማን።

በማግስቱ ሁላችንም በተፈቀደው ፍጥነት ነዳን። እኔም ቁልፏን ተጫንኳት። የሁሉም ስልክ በርበሬ መሰለ። ሴትዮዋ በየተራ ደወለችልን፤ የሁላችንንም ሥራ ልቀንስ ብትል ደግሞ የምትሰጠው ሌላ ሰው የላትም። መድኃኒት የዘገየባቸው ሰዎች ተቆጡብን፤ እውነታቸውን ነው፣ ተሳደብን ወይም ይቅርታ ጠየቅን አልልህም፣ መድኃኒቱን እያስረከብን ወደሚቀጥለው ቤት ሄድን። አንደኛው ልጅ መሐል ላይ ከድቶን ፈጠነ፤ ወዲያው ግን ተመለሰ፤ ማን ምን እንዳለው አላውቅም። እንዲህ ሰነበትንና ጠብቆ እንደተፈታ ቀበቶ ሰዓቱ ላላ። ማስታወቂያ አልወጣም፣ የነገረን ሰው የለም። አንድ ጠዋት ዕቃ አድርሼ ስልኬን ሳየው ገና ጊዜ ነበረኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጓንቴን አወለቅሁ።

የአባ ዝግታ ትከሻ ተጣሞ ገጠመ። ሐኪሙ ብስክሌት አትነካም ስላለው ማከማቻው ውስጥ ያሽጋል። ክፍያው ያንሳል፣ መቀመጡም አልተስማማውም፤ ሁሉን ነገር ሁለቴ እየተመለከተ ስለሚያሽግ አለቃው ፈጠን በል ይለዋል አሉ። ሞተሩን መልሰሽ አወለቅሽው ወይ ካልከኝ፣ አላወለቅሁም። ዳገቱ ያው ዳገት ነው። ጉልበቱን ይዤ ፍጥነቱን ነው የተውኩት። ደንበኛህንም ከፍሬኑ ጀምርለት።

እትዬን ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ከጃኬቴ ሥር በልክ ገብቷል። መንታዎቹን ጆሯቸውን ቆንጥጥና ከኔ ነው በላቸው። አጎቴ ጉልበቱ ካልተሻለው እያነከሰ ከሰው ፊት አይሽሽ፣ ለሐኪም ያሳይ። ለእማዬ ይሄን ደብዳቤ አታንብብላት። ቀስ ብላ ነው የምትነዳው በልልኝ፤ ዘንድሮ እውነት ነው።

ታናሽ እህትህ

ከማከማቻው ጀርባ፣ ከሠራተኞች ማረፊያ ክፍል
ማክሰኞ፣ ጥር ፲፪ ቀን