የወልደ ሰንበት ጀልባ፦ የአቶ ይግዛው ገላው የሕይወት ታሪክ

አቶ ይግዛው ገላው ከአባታቸው ከአቶ ገላው ይርሳውና ከእናታቸው ከወይዘሮ በዛብሽ ወልደ ኪዳን በ1919 ዓ.ም. ተወለዱ። አገራቸው ብቸና ነው። ሆኖም እናታቸው እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጃቸውን ለመውለድ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ሞጣ ሄደው ስለነበር ክርስትና የተነሡት እዚያው ሞጣ ነው። ያጠመቋቸው መምሬ አካለ ወልድ ሲሆኑ የክርስትና ስማቸውን ወልደ ሰንበት አሏቸው። ይህን የምናነሣው ለወግ ያህል አይደለም፤ የኋላ መከራቸው ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለሆነ ነው።

ንባብና ዳዊት በብቸና ተማሩ። ቅኔ ለመቀጸል ሞጣ ቢገቡም ቅኔው እሺ አላላቸውም፤ እርሳቸውም ይህን እየሳቁ ያወሩት ነበር። የእጅ ጽሕፈታቸው ግን ያማረ ስለነበር ለአራስና ለሕፃን ክታብ ይጽፉ ነበር። በ1942 ዓ.ም. ወይዘሮ ይርጋነሽ ውበቴን በሕግ አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ።

መሬቱ ለወንድማማች ሲከፋፈል ለእርሳቸው የደረሰው ቤተሰብ የሚያኖር አልሆነም። ስለዚህ በ1946 ዓ.ም. አሰብ ወርደው የወደብ ሠራተኛ ሆኑ። ዓባይን ሲሻገሩ ዓይናቸውን ይጨፍኑ የነበሩ ሰው ባሕር ለመዱ፣ ዓሣ ማጥመድም ተማሩ። በ1954 ዓ.ም. የስምንት ዓመት ድካማቸውን አሟጠው ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከአንድ የዓረብ አገር ወደብ፣ ባለ ሞተር የእንጨት ጀልባ ገዙ። የተገዛ ጀልባ በአዲሱ ባለቤት ስም እዚያው ሳይመዘገብ ከወደቡ ንቅንቅ አይልም ነበርና መዝገብ ቤት ቀረቡ። ጸሐፊው ወረቀቱ ከመሪው አጠገብ እንደሚቸነከርና ጀልባዋ በሄደችበት ሁሉ የሚጠብቃት እርሱ እንደሆነ ነገራቸው። አቶ ይግዛው የሚጠብቅ ጽሑፍ ሲባል የሚያውቁት ክታብን ነው፤ ክታብ ደግሞ በክርስትና ስም እንጂ በዓለም ስም አይጻፍም። ስምዎ ማን ነው ሲባሉ ወልደ ሰንበት አሉ።

አራት ዓመት ማንም አልጠየቃቸውም። ጀልባዋ እዚያው በተመዘገበችበት የማዶ ወደብ እያደረች ሠራች፤ ልጆቹም ከእርሷ በሚገኘው ገንዘብ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1958 ዓ.ም. አባታቸው አርፈው ለቀብር መጥተው ሲመለሱ ግን ጀልባቸውን በሰንሰለት ታስራ አገኟት። አዲስ የመጣው የወደቡ ሹም ባለቤቶችን ሁሉ በፓስፖርት ያመሳክር ነበር። ፓስፖርታቸው ይግዛው ገላው ይላል። ወልደ ሰንበትና ይግዛው አንድ ሰው መሆናቸውን በማኅተም የተረጋገጠ ማስረጃ እስከ ገና ካላመጡ ጀልባዋ ባለቤት እንደሌላት ተቆጥራ በሐራጅ እንደምትሸጥ ተነገራቸው።

እየበረሩ አገራቸው ገቡ። ብቸና ያለው ጸሐፊ፣ “ክርስትና የተነሡት ሞጣ ነው፤ ሞጣ ይጻፉልዎ” አላቸው። የሞጣው ደግሞ፣ “ነዋሪነትዎ ብቸና ነው፤ እኛ አናውቅዎትም” አለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ እግራቸው ይወቀው። ብቸና ባሕር የለ፣ ጀልባ የለ፤ ነገሩን የሰማ ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። እህል አልወርድ አላቸው። ወይዘሮ ይርጋነሽ አንድ ቀን መርሯቸው፣ “አንተ ሰው፣ በክርስትና ስም ንብረት ሲጻፍ የት አየህ?” ቢሏቸው አቶ ይግዛው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው እንደ ልጅ አለቀሱ።

በመጨረሻ መምሬ አካለ ወልድ ዓይናቸው እየደከመ በበቅሎ ብቸና ድረስ መጥተው ጸሐፊው ፊት ቆሙ።

“እኔ ነኝ ያጠመቅሁት። ይህ ሰው ወልደ ሰንበት ነው።”

“አባቴ፣ ማኅተም ይዘዋል?”

“የእኔ ማኅተም ሜሮን ነው። ግንባሩ ላይ አትሜበታለሁ፤ ቀርበህ እይ!”

ጸሐፊው አፍሮ ወረቀቱን ወደ አለቃው አስገባ። ማኅተሙ የተመታው ግን ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነበር። አቶ ይግዛው ወረቀቱን በደረታቸው ይዘው ደጀን ወርደው መኪና ሲጠብቁ አንድ የአሰብ ሾፌር ጀልባዋ እንደተሸጠች ነገራቸው። አዲሱ ባለቤት አረንጓዴ ቀለም ቀብቷታል አላቸው። ከዚያው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ በእህል ንግድ ቤተሰባቸውን አኖሩ፤ ልጆቻቸውንም አላስራቡም። ነገር ግን ሰው ስማቸውን ሲጠይቃቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ዝም ይሉ ነበር። እኛ ቤተሰባቸው ያንን ዝምታ እንፈራው ነበር። ያ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከአንገታቸው አልወረደም፤ በቆዳ አሰፍተው እንደ ክታብ አሰሩት። በጉበት በሽታ ሲማቅቁ ቆይተው ሚያዝያ 11 ቀን 1964 ዓ.ም. በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ዐረፉ። እናታቸው ወይዘሮ በዛብሽ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርጋነሽና ልጆቻቸው ሰብለ ወንጌል፣ ባንቺዓለምና ወልደ ኪዳን በሕይወት አሉ፤ እግዚአብሔር ያጽናናቸው።

ዛሬ መምሬ አካለ ወልድ ሰው እየመራቸው ከሞጣ መጥተው ፍትሐቱን ያደርሳሉ። ይግዛው ብለው አይጠሯቸውም፤ ወልደ ሰንበት ይላሉ። አቤቱ ጌታችን፣ ይህ ስም በምድር አንድ ጊዜ ተጽፎ ሰሚ አጣ። ነፍሳቸው በደጅህ ቆማ ወልደ ሰንበት ነኝ ስትልህ፣ እባክህ ማስረጃ አምጪ አትበላት።