ልጄን በሽማግሌ ለጠየቁት ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ አግማስ
የሕክምና መሣሪያ አስመጪ ድርጅት የወሎ ቀጠና ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ጉዳዩ፦ ስለ ልጄ ስለ ኢክራ ብሩህ የሥራ ተስፋ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

በደሴ ሸዋ በር ጨርቃ ጨርቅ የምሸጠው ቢልቂስ ነኝ፤ ካስታወሱኝ የኢክራ እናት። ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ አላህ ሙሉ ጤና እንዲሰጥልኝ እለምናለሁ። ጤናዎን የሚለኩበት መሣሪያም ድርጅትዎ ከሚሸጠው የተለየ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የድርጅቱን ስም ከላይ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም፤ የሰው ዕቃ በነጻ ማስተዋወቅ የነጋዴ ልማድ ስላልሆነ ነው።

በላኩልን ወረቀት ልጄ ኢክራ የደቡብ ወሎ የጥራትና የደንበኞች ኃላፊ ሆና መሾሟን፣ እስከ ሰኞም ፈርማ እንድትመልስ አብስረውናል። ሹመት ለቤታችን እንግዳ ነውና በክብር ተቀብለነዋል። ነገር ግን እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ጣቃ ስዘረጋና ስጠቀልል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሻጭ ሳይጠየቅ ምርቃት ሲያበዛ ከላይ ያለውን ገለጥ አድርጌ ከሥሩ ያለውን ማየት ልማዴ ነው። ልጄ ትፈርም ወይስ አትፈርም የሚለው ሰኞ ከመቆረጡ በፊት፣ ገልጬ ያየሁትን በትሕትና ላቅርብልዎ።

የመጡበትን ቀን መቼም አይረሱትም። ኢክራ ከዩኒቨርሲቲ በሕክምና መሣሪያ ምህንድስና ተመርቃ ቤት ተቀምጣ ነበር። ሴት ልጅ ዕቃ ተሸክማ ዛሬ ሐርቡ ነገ ገራዶ ስትዞር አልወድም ብዬ የሽያጭ ሥራዎን እንቢ ማለቴን ሲሰሙ፣ እንደ ሌላው ቀጣሪ ትተውን አልሄዱም። የሰፈራችንን ትልቅ ሰው ሐጂ ዑዘይርን ከፊት አስቀድመው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው፣ ቤቴ ድረስ መጡ። ሐጂ ዑዘይር ስንቱን ትዳር ያቆሙ፣ ቃላቸው መሬት የማይወድቅ ሰው ናቸው። እንደ ወጉም ግቡ ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው በራፍ ላይ ቆሙ። ልጅ ለትዳር እንጂ ለሥራ በሽማግሌ ስትጠየቅ አይቼ አላውቅም ነበርና፣ እውነቱን ለመናገር ኮራሁ።

ጥፋቴም ከዚያ ይጀምራል። ሽማግሌ ፊት ደመወዟ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ልጅን ገበያ ማውጣት መስሎኝ አፈርኩ። የጠየቅሁት ለአማች የሚጠየቀውን ብቻ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ጠባይዎ እንዴት እንደሆነ፣ ልጄን ያከብሯት እንደሆነ። እርስዎም በተራዎ ስለ ዘራችን ጠየቁኝ፤ እኔም ሞኟ በአባትም በእናትም ቆጠርኩልዎ። ወንድሜ ሸረፈዲን ሐርቡ ላይ ክሊኒክ እንዳለው፣ የአባቷ ወገኖች ገራዶ ላይ መድኃኒት ቤት እንደከፈቱ፣ የአክስቷ ባል ኮምቦልቻ ላይ የጤና ባለሙያ እንደሆነ ሳላስቀር ዘረዘርኩ። የሐርቡው ስንት አልጋ እንዳለው ሲጠይቁኝ እንኳ ለዘመድ አሳቢ ሰው ናቸው አልኩ። ሐጂ ዑዘይር «አብሽሪ ቢልቂስ፣ ልጅሽ ደግ እጅ ነው የገባችው» አሉኝ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ልጄም ሄደች። እኔ ዘር የቆጠርኩ መስሎኝ ለካስ ገዢ እየቆጠርኩልዎ ነበር።

በዚያው ዕለት የሰጡኝን ስጦታ ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። አብራዎት የመጣችው ነርስ አዲሱን የደም ግፊት መለኪያ ቀኝ ክንዴ ላይ አስራ ለካችኝና ግፊቴ እንደ ልጃገረድ እንደሆነ አበሰረችኝ። ስንት ዘመን መድኃኒት የምውጥ ሴት በደስታ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። ወደዚህ ስጦታ በኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ደመወዙ። ገቢው ጣሪያ የለውም ብለው ነበር። እውነትዎን ነው፤ ጣሪያም ግድግዳም አላየንበትም። መነሻው ትንሽ ቢሆንም ዋናው ገቢ ኮሚሽን ነው ተባለ። ኮሚሽኑ የሚሰጠው ክሊኒኩ ከፍሎ ሲጨርስ ነው ተባለ። ሸረፈዲን ከፍሎ ሲጨርስ ደግሞ ቡድኑ በሙሉ ኮታውን ሲሞላ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ እነሱ ግን ሰማይ ላለችው ላም የሚኒባስ አልከፈሉም። ልጄ በየማለዳው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ኮምቦልቻ የምትገባበትን፣ ከዚያም ባጃጅ የምትይዝበትን ከሱቄ መሳቢያ ነው የምትወስደው። ስለዚህ አንድ ነገር ግልጽ ያድርጉልኝ፤ እርስዎ ልጄን ቀጥረዋታል ወይስ እኔ እርስዎን ቀጥሬዎታለሁ? ቀጣሪው እኔ ከሆንኩ በሥራዎ አልተደሰትኩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ዕድገቱ። ፈጣን ነው ብለው ነበር፤ ይህም ሐቅ ነው። ልጄ የሽያጭ ባለሙያ ሆና ገባች፤ ብዙም ሳይቆይ ከፍተኛ የሽያጭ ባለሙያ ተባለች፤ ቀጥሎ የቡድን መሪ። ቡድኑ ውስጥ እነማን አሉ ብላት «እኔ ብቻ ነኝ እማ» አለችኝ። ማዕረጉ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ባጅ አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል፤ ደመወዙ ግን ባጁን ተከትሎ ሲመጣ አላየሁም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። የኔዋ ተሹማም አልቀመሰች፤ ስትሻር በምኑ ትቆጭ?

ሦስተኛ፣ ዘመድ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን እንዲያስረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ኢክራ ለአጎቷ ሸጠች፣ ለአባቷ ወገን ሸጠች፣ ለአክስቷ ባል ሸጠች። የማያውቋት ዘንድ ስትሄድ ግን የሚቀበላት የለም፤ ምክንያቱም ሰዉ የሚገዛው መሣሪያውን አይቶ ሳይሆን እሷን አምኖ ነበር። ዘመዶቿ እንዳለቁ ስልክዎም አብሮ ቀነሰ። ሰሞኑን ደግሞ ጣይባ የምትባል ሌላ ተመራቂ ቤት ሽማግሌ ልከዋል ሲባል ሰማሁ። አጎቶቿ ብዙ ናቸው አሉኝ። እኔም አልገረመኝም። ጣይባ ሆይ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ እናትሽ ዘር ስትቆጥር አፏን ትያዝ።

አራተኛው ቅሬታዬ እንቅልፍ የሚነሣኝ ነው፤ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ቢጎድል አውፍ ይበሉኝ። በቅርቡ ልጄን አንድ ነገር አጠራጠራት፤ ምን እንደሆነ ከደብዳቤው ግርጌ እነግርዎታለሁ። ተነሥታ ሐርቡ አጎቷ ክሊኒክ ወረደች። ለእርግዝና ክትትል የመጡትን ሴቶች በእርስዎ አዲስ መለኪያ ከለካች በኋላ፣ ሸረፈዲን ዕቃ ቤት የወረወረውን በእጅ የሚነፋ አሮጌ መለኪያ አስወጥታ ደግማ ለካቻቸው። አሮጌው እንደየሰዉ ከፍም ዝቅም ይላል። አዲሱ ግን አድልዎ አያውቅም፤ ሁሉንም ደኅና ናችሁ ይላል። እግሯ አብጦ፣ ዓይኗን እያጭበረበራት የመጣችውንም ደኅና ነሽ ብሏታል። ሴትየዋ በዚያው ቀን ሆስፒታል ደርሳ ተረፈች፤ አልሐምዱሊላህ። ከእሷ በፊት ደኅና ናችሁ ተብለው ወደ ገጠር የተመለሱትን ግን ማን ያውቃል።

ልጄ ይህን ስታመለክት ባትሪው ይሆናል አሏት። ባትሪው ተቀየረ፤ መሣሪያውም በአዲስ ጉልበት ደኅና ናችሁ ማለቱን ቀጠለ። ዳግመኛ ስታመለክት ሹመቱን ላኩላት። ከሹመቱ ጋር የመጣው ወረቀት በደቡብ ወሎ የተሸጡት መሣሪያዎች በሙሉ በኢክራ እጅ ተፈትሸው ትክክለኛ መሆናቸው እንደተረጋገጠ ይናገራል፤ እሷ ከመቀጠሯ በፊት የተሸጡትን ጭምር። የመሣሪያውን ችግር የደረሰችበት ልጅ ለመሣሪያው ጥራት ዋስ ሆና ትፈርም ማለት ነው። ነገ አንዲት እናት ብትሞት ፖሊስ የሚያንኳኳው የማንን በር እንደሆነ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ምናልባት እኔ ክፉ ተጠራጣሪ ሆኜ ይሆናል። ከሆንኩም ጥርጣሬዬን ሳይሆን ወረቀትዎን ያስተካክሉልኝ።

ክቡር ሆይ፣ በሽማግሌ የተሰጠች ልጅ ስትበደል ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች፤ የሰጧት ሽማግሌዎችም ተጠርተው ይጠየቃሉ። ወጉን የጀመሩት እርስዎ ነዎትና እኛም በወጉ እንጨርሰው ብለናል። ኢክራ ተመልሳለች፤ አልፈረመችም፤ ሰኞም አትፈርምም። ሐጂ ዑዘይርን አስጠርቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው «ወላሂ ቢልቂስ፣ ያስበደልኩት አንቺን ብቻ አይደለም፤ ይህ ሰው በየደረሰበት የኔን ቃል ይዞ ነው የገባው» አሉ። ያን ያህል ዕድሜ የተጠበቀ ቃል በአንድ ዓመት ሲረክስ ማየት ያማል። እሳቸው ሲያዝኑ እኔ አለቀስኩ።

ሸረፈዲን መሣሪያውን ከክሊኒኩ አውጥቶታል። ከዘመዶቻችን ውጭ ያሉት ገዢዎች እነማን እንደሆኑ ግን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት እነዚያው ሽማግሌዎች ኮምቦልቻ ቢሮዎ ይመጣሉ። ወንበር አይዘጋጅላቸው፤ እንደ ወጉ ቆመው ነው የሚጠይቁት። የሚጠይቁዎትም መሣሪያው የገባበትን ቤት ሁሉ ስም ነው። የኢክራ ኮሚሽን ይቅርብን፤ ጣሪያ የሌለው ገንዘብ ጣሪያ ያለው ቤት አይገባም። ስሙን አልሰጥም ካሉም ግድ የለም፤ ደብዳቤዬን በአደባባይ ያወጣሁት ለዚያ ነው። በሐጂ ዑዘይር ቃል አምናችሁ የግፊት መለኪያ የገዛችሁ ሁሉ፣ ዛሬውኑ አሮጌውን አውጥታችሁ ደግማችሁ ለኩ።

ለጣሪያ የለሽ ደመወዝዎ፣ ለአንድ ሰው ቡድንዎ፣ ከሁሉም በላይ ለነጻ ምርመራዎ በመላው ዘመዶቼ ስም፣ አንድ በአንድ ቆጥረው በሚያውቋቸው ዘመዶቼ ስም፣ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ያለዎትን ጤና አላህ ይጠብቅልዎ እላለሁ።

አክባሪዎና እስከ ቅዳሜ ድረስ ባለውለታዎ፣
ቢልቂስ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለሐጂ ዑዘይርና አብረዋቸው ለቆሙት ሽማግሌዎች
ለወንድሜ ለሸረፈዲን፣ ሐርቡ
ለጣይባ እናት
ጉዳዩ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል፣ የሚመለከተው ከተገኘ

ማስታወሻ፦ የልጄን ጥርጣሬ የቀሰቀሰው ምን እንደሆነ እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። ግፊትሽ እንደ ልጃገረድ ነው ከተባልኩበት ቀን ጀምሮ መድኃኒቴን ትቼ ነበር። አንድ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስል ቁልፉ ከእጄ ወደቀ፤ ላነሣው ብል እጄ እንቢ አለኝ። ይህን ደብዳቤ እኔ እየተናገርኩ የጻፈችው ኢክራ ናት። ፊርማዬ ተጣሞ ቢያዩት አይታዘቡኝ፤ የፈረምኩት በግራ እጄ ነው። ቀኙ ያን ዕለት መሣሪያዎ የታሰረበት ነው።