በዓይኔ በብረቱ ያልኩት

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ምሳ ሰዓት።
ደብተሬ፣ ጠዋት ጉድ ሆነ። አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ መስመር። ከአረንጓዴ ክሮቹ መሀል አንድ ቀይ የክር ኮን ማሽኑ ላይ ተሰቅሎ ነው። የጨርቁ ጥቅል በሙሉ ተበላሸ። ኃላፊው ማን ሰቀለው አለ። እኔ ተናገርኩ። ዘነበች ናት፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ። እሷ አረንጓዴ ነው የሰቀልኩት ብላ ማለች፣ አለቀሰች። ገና በሙከራ ላይ ያለች ክር አቅራቢ፣ የሁለት ልጆች እናት። ጥፋተኛ ከተባለች መሰናበቷ ነው። ረቡዕ ኮሚቴ ይሰማናል። አሳዘነችኝ። ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ቀለም ፍተሻ ላይ ቆሜ፣ ፋብሪካው ሁሉ ዓይናማዋ የሚለኝ በከንቱ አይደለም።

ማክሰኞ፣ 9። ከቀኑ 8፡00።
ክሊኒክ ሄድኩ። አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል እንዳይሉኝ ወረቀት ላወጣ። ሲስተሯ ፊደሉን አስነበበችኝ፣ ቀለሙን አስለየችኝ። ሁሉንም ለቀም አደረግኩ! ጤነኛ ብላ ማኅተም መታችልኝ። ኮራሁ።

ከዚያ የጎኑንም እንይ አለች። የጋዋኗን ቁልፍ ትኩር ብዬ እንዳይ፣ ዓይኔን እንዳላንቀሳቅስ ነገረችኝ። በግራ ጆሮዬ በኩል የእስክሪብቶ ክዳን አመጣች። መንቀሳቀሱን ወዲያው አየሁ። ቀለሙስ? ቀይ። ያለ ጥርጥር። ዞር ብል አረንጓዴ! ድገሚልኝ አልኩ። አሁን ሰማያዊ ነው አልኩ፤ ቀይ ሆነ። ደነገጥኩ። ወረቀቱን የምትነጥቀኝ መሰለኝ።

ሳቀች። የሁሉም ሰው ዓይን እንዲህ ነው አለች። አጥርቶ የሚያየው መሀሉ ነው። ክንድ ሲዘረጋ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቦታ! ዳር ዳሩ እንቅስቃሴ ይይዛል፣ የትንሽ ነገር ቀለም ግን ይስታል። የጎደለውን አእምሮ ይሞላዋል፣ ባለቤቱ ሳያውቅ።

ሳያውቅ!

ያው ቀን፣ 10፡30።
ግቢ ቁጭ ብዬ የበሩን ምስማር አፍጥጬ አያለሁ። በጎን የጎረቤት ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ዓለም ከዳር እስከ ዳር ባለቀለም ነው፣ ሽንቁር የለውም። እንዴት? ተስፋዬን፣ ባሌን፣ ካልሲ በጎኔ በኩል ያዝልኝ አልኩት። ልጅነትሽ ተመለሰ ወይ ብሎ አሾፈብኝ። ግን ያዘልኝ። ከአምስቱ ሦስቱን ሳትኩ። በተራው ተቀመጠ፤ እሱም ሳተ። ሳቁ ጠፋ።

ጌታ ሆይ፣ ሥራህ ድንቅ ነው። ፈራሁ፣ ደስም አለኝ። ሃምሳ ዓመት ራሴ በቀባሁት ዓለም ስመላለስ ኖሬ፣ አንድም ቀን ብሩሹን አላየሁት።

ረቡዕ፣ 10። ጠዋት 1፡20፣ ሳሪስ አቦ፣ ሰርቪስ እየጠበቅኩ።
ዘነበች እዚህ ናት። እንዴት አደሩ እትዬ ብላ ጎንበስ አለችልኝ። ዓይኗ አብጧል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እስቲ በደንብ ላስታውስ። ያኔ የማየው ምን ነበር? መብራቱ ስር ያለውን ናሙና። ዘነበች በግራዬ። እጇ ሲነሳ አየሁ። የያዘችውን... አላየሁም። ዞር ስል እሷ ሄዳለች፣ ቀዩ ተሰቅሏል። ቀዩን እጇ ላይ ያኖርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ማንም አልዋሸም፤ አእምሮዬ ሞላው። ከእሷ በፊት ማሽኑ ላይ የሌሊት ፈረቃ ነበር፤ ቀዩ ያኔውኑ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል። ማን እንደሰቀለው አላውቅም።

3፡05። ኮሚቴው በር ላይ።
ዘነበች ገብታለች። ማኅተሙ ያለበት ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ጤነኛ ይላል። ዓይናማዋ የሚለው ስሜ ዛሬ ያከትማል። ሃያ ሁለት ዓመት! ቢሆንም የምለውን እጽፈዋለሁ፣ ስገባ እንዳይጠፋኝ፦ በዓይኔ በብረቱ ያልኩትን ቃል አንስቻለሁ። ቢስቁም ይሳቁ። ያየሁት በዓይኔ ቂጥ ነው፤ ቂጡ ደግሞ ቀለም አያውቅም።