ለድረ ገጻችን ስም አዋሳኝ ለጠየቁን ኃላፊ

ለክቡር አቶ ይበልጣል፣ የቀጠናው የድረ ገጽ ስም መዝገብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ከወንበር ሳይነሱ የሚውሉበት ወገብዎስ ደህና ነውን? እኛ በንፋስ መውጫ፣ ብርዱ እንደ ልማዱ ከመሆኑ በቀር፣ የእርስዎን መልስ በመጠበቅ ተጠምደን ደህና ነን። ስሜ የትናየት ንጋቱ ይባላል፤ እዚሁ ከተማ የኮምፒውተር መምህርት ነኝ። በቢሮዎ ግን «ያቺ ሴትዮ ደግሞ መጣች» በሚለው እንደምታወቅ ሰምቻለሁ። ሰባት ማመልከቻዎቼ መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ስለተኙ፣ ስምንተኛው እንኳ አንባቢ ያግኝ ብዬ ሁሉ በሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ጻፍኩት።

ለማያውቅ ላስረዳ። ከእኛ ብዙም በማይርቀው የቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚያስተምሩት የኔታ ወልደ ሩፋኤል ድምፃቸው ሳይደክም ያዜሙትን ቀድቼ በአንድ ድረ ገጽ አስቀምጬ ነበር። በየአገሩ የተበተኑ ደቀ መዛሙርታቸው የገጹን ስም በስልካቸው ጽፈው ይሰሟቸዋል። ያ ስም በየዓመቱ በእርስዎ ቢሮ መታደስ አለበት። አለበት እንጂ ታደሰ አላልኩም።

አንደኛ፣ የማደሻው ቅጽ ከመሬት ይዞታ ቅጽ የተገለበጠ በመሆኑ፣ ስሙ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ከማን ጋር እንደሚዋሰን እንድሞላ፣ አዋሳኞቹንም እንዳስፈርም ታዘዝኩ። የድረ ገጽ ስም ድንበር የለውም ብል፣ አዋሳኝ እንደሌለው ከቀበሌ ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ላቀው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ሳይስቁ ጻፉልኝ፤ ማኅተምም አሳረፉበት። ለትጋትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ኢንተርኔትን በገመድ ለክቶ ለመሸንሸን ያሰበ ሰው ከእርስዎ በፊት አልሰማሁም።

ሁለተኛ፣ ቅጹ ሲሟላ መዝገቡ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ቁልፉም ሥልጠና ከሄደው መዝጋቢ ጋር ሆኖ ተገኘ። እሱ ሲመለስ፣ ስማችን በሌላኛው ጠረጴዛ ላይ ባለው ሁለተኛ መዝገብ «ባለቤት የለውም» ተብሎ ለአንድ የውርርድ ድርጅት ተሰጥቷል። ዛሬ ጾመ ድጓ ፍለጋ የገባ ደቀ መዝሙር በእንግሊዝ ሊግ ማን እንደሚያሸንፍ እንዲገምት ይጋበዛል።

ሦስተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ይጠፋብኛል። ይህ እንዳይመጣ ፈርቼ ባለፈው ዓመት የስም መዝገብ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር በቢሮዎ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በሁለት ቀን ጭኜልዎ ነበር። ምንጩ ክፍት ነው፤ ማለትም እንዴት እንደተሠራ ማንም ያየዋል፣ ያርመዋል፣ በነጻም ይጠቀምበታል። አንድን ስም ለሁለት ሰው አይሰጥም፤ ቀኑ ሳያልፍም ባለቤቱን ያስታውሳል። እርስዎ እስክጨርስ አዳምጠው «ልጄ፣ ሁሉ የሚያየው ከሆነ እኛ ምን እንሠራለን?» አሉኝ። ከሰጡኝ መልሶች ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ኮምፒውተሩም ዛሬ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ባርኔጣዎን ተሸክሟል።

ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። የኔታ ዘንድሮ ጉሮሯቸው ታሞ ማዜም አቁመዋል፤ ከእንግዲህ የሚቀዳ ነገር የለም። ቅጂዎቹ እኔ ጋ አሉ፤ በየአገሩ ያሉት ልጆቻቸው ግን የሚያውቁት ያንን አንድ ስም ነው። እባክዎን ስሙን ይመልሱልን፤ ሶፍትዌሩንም ያስጀምሩት።

ለቢሮዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለፋይሎችዎ ጣፋጭ እንቅልፍ፣ ለፊርማዎም ቶሎ መዳንን እየተመኘሁ፣ በደጃፍዎ አግዳሚ ወንበር ላይ ከአንድ ዓመት በላይ የኖርኩት ትሑት ባለጉዳይዎ፣

የትናየት ንጋቱ
ከንፋስ መውጫ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የኔታ በጸሎት ሊያስቡዎት ፈልገው የክርስትና ስምዎን ጠይቂልኝ ብለውኛል። ተረጋግተው ይመልሱ እንዳልልዎ፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው።