ስለ እናቴ ቤት ለፈረዱት ዳኛ፣ ከአስተርጓሚዎ

አሶሳ፣ ሐምሌ 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ የተዘዋዋሪው ችሎት ሰብሳቢ ዳኛ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የአሶሳ ሙቀት ለደም ግፊትዎ እንደማይስማማ በችሎት መካከል ደጋግመው ስለነገሩን፣ ወደ ደጋው ከተመለሱ ወዲህ እንደተሻለዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ለባለቤትዎም፣ ለልጆችዎም፣ በተለይ ለቤትዎ ደኅንነትን እመኛለሁ። ቤት ትልቅ ነገር ነው።

ኢቲዳል እባላለሁ። በሰባት ዓመት ውስጥ «አንቺ» ከማለት በቀር በስሜ ጠርተውኝ ስለማያውቁ፣ እዚህ ላይ ራሴን ማስተዋወቄ ድፍረት ሆኖ እንዳይቆጠርብኝ። በየሦስት ወሩ በአውሮፕላን ወደ እኛ ሲመጡ ከመንበርዎ በስተግራ ቆሜ በርትኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ በርትኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ የሌሎችን ቃል ብቻ ስናገር ኖሬያለሁና፣ የራሴን ቃል ስጽፍ ብሳሳት ልምድ ከማጣት ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። ያልተቆጠረ ነገር እንደማይወዱ አውቃለሁ።

1ኛ. የአንድ ግቢ ክርክር እስከ ፌዴራል ችሎት ከፍ እንዲል ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ። ከሳሻችን አቶ ደባልቄ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። በ1987 ክረምት ዝናብ እህላቸውን ሊያበላሽባቸው ሲል፣ አባቴ ከግቢያችን በመንገዱ በኩል መጋዘን የሚያቆሙበት ቦታ አዋሳቸው። ሦስት ሽማግሌዎች ባሉበት፣ በቃል አዋሳቸው። እኛ ዘንድ ለእንግዳ ቦታ ሲሰጥ ወረቀት አይጻፍም፤ እንግዳን ፈርም ማለት ሌባ ነህ ከማለት ይቆጠራል። ያ ክረምት አለፈ፣ እንግዳው አላለፈም። ዘጠኝ ክረምት ከእኛ ጋር ከርመው መታወቂያቸው ግን የሌላ ክልል ሆኖ ስለተገኘ፣ ክርክሩ የሁለት ክልል ነዋሪዎች ነው ተባለና እርስዎ ዘንድ ደረሰ። በዚህ ምክንያት እናቴ በሰማይ እየበረረ በሚመጣ ዳኛ ለመዳኘት በቃች። ይህን ዕድል ያገኘ ሰው በሰፈራችን የለም።

2ኛ. ስለ ሐዘን ለሰጡት የሕግ ትንታኔ አመሰግናለሁ። አባቴ በ1990 ሲሞት እናቴ ሰዕዲያ ዒዳ ገባች። ባሏ የሞተባት ሙስሊም አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ ሳትወጣ፣ ባዕድ ወንድ ፊት ሳትቀርብ የምትቀመጥበት ሐዘን ነው። አዲሱ ክልላችን ከተማውን ሲሸነሽን፣ ቀያሾቹ እኛ ሰፈር የደረሱት በዚያው መካከል ነበር። ሜትራቸውን ዘርግተው የይዞታው ባለቤት ይቅረብ አሉ። እናቴ ከቀርከሃው ግድግዳ ወዲያ ሆና ትሰማ ነበር። እኔ በዚያ ሳምንት ከእርስዎ ጋር ባምባሲ ሄጄ የሰው ክርክር ሳስተረጉም ነበር። አጥሩ ዘንድ የቆሙት አቶ ደባልቄ ብቻ ነበሩ። እናም መጋዘኑም፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው ቤታችንም፣ አባቴ የተከላቸው ማንጎዎችም በእሳቸው ስም ተመዘገቡ። አምና ያንን ወረቀት ይዘው እናቴን ልቀቂልኝ ብለው ከሰሷት። እርስዎም በፍርድዎ ላይ «ተከሳሿ በልኬታው ወቅት ቀርባ አለመቃወሟ መብቷን እንደተወች ያስቆጥራል» ሲሉ አሰፈሩ። ለባሏ ማልቀስ ቤቷን እንደ መተው እንደሚቆጠር እናቴ አላወቀችም፤ ብታውቅ ቀነስ አድርጋ ታለቅስ ነበር።

3ኛ. ስለ ገለልተኝነትዎ አመሰግናለሁ፤ ይህኛው ረዘም ይላልና ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በሕይወት አሉ። በግንቦቱ ችሎት ከገጠር በጭነት መኪና ተጭነው መጥተው፣ ሁለት ቀን ሙሉ በረንዳዎ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ጠበቁ። ታላቃቸው ሼህ ሱለይማን ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በሁለተኛው ቀን ሲጠሩ የአቶ ደባልቄ ጠበቃ ተነሥተው አስተርጓሚዋ የተከሳሿ ልጅ ናት፣ ልታስተረጉም አይገባም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ከቦታዬ ወርጄ ሌላ ሰው እንዲተካ ጠየቅሁ።

ክቡር ሆይ፣ የአሶሳ እኩሌታ በርትኛ ይናገራል። በርዎ ላይ የሚቆመው ጥበቃ ይናገራል። ከመስኮትዎ ሥር ሻይ የምትሸጠው ይናገራል። የጎጃሙ ተወላጅ ሬጅስትራርዎ አቶ ታረቀኝ እንኳ በፍየል ዋጋ ሲከራከሩ ለምደውት ከአንዳንድ ዘመዶቼ የተሻለ ይናገራሉ፤ እሳቸውም እኔ ልሞክር ብለው እጃቸውን አውጥተው ነበር። ነገር ግን ቃለ መሐላ የፈጸሙ አስተርጓሚዎች ስም በሰፈረበት ዝርዝርዎ ላይ ያለው አንድ ስም ነው፤ እሱም የእኔ ነው። አዲስ ሰው በዝርዝሩ እንዲገባ ደግሞ ቃለ መሐላ በፈጸመ አስተርጓሚ መፈተን አለበት። እኔ እንዳልፈትን የባለጉዳይ ልጅ ነኝ። ሌላ ፈታኝ እንዳይመጣ ከእኔ ሌላ የለም። እርስዎ ይህንን ሁሉ አንድ በአንድ አስመዝግበው ሲያበቁ ሰዓትዎን አዩ፤ አውሮፕላኑ በዘጠኝ ሰዓት ይነሣል፣ ደመናውም እየከበደ ነበር።

ሼህ ሱለይማን ነገሩ አልገባ ቢላቸው ተነሥተው በራሳቸው አማርኛ ተናገሩ። «ደባልቄ እንግዳ ናት። ቤት የሰዕዲያ ነው። ያን ቀን እኔ አለሁ፣ በዓይኔ አየሁ» አሉ። እርስዎ ሳቁ። ጠበቃውም እርስዎን አይተው ሳቁ። ከዚያ ጸሐፊዋን «ምስክሩ በሥራ ቋንቋው መግባባት አልቻሉም» ብለው አስጻፉ። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ውሃ ይቆማል እየተባለ ያደጉ ሽማግሌ፣ በሕግ ፊት ቆመው ሲሳቅባቸው አየሁ። ሳቁ በመዝገቡ ላይ አልሰፈረም። ያን ቀን ከአንጀቴ ጠላሁዎት፤ ይህን በጨዋ አማርኛ የምልበት መንገድ ፈልጌ አጥቻለሁ።

4ኛ. ዝምድና የሚያስወቅሰው መቼ እንደሆነ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት የአክስቴ ልጅ ተከሶ እርስዎ ፊት ሲቀርብ፣ ዘመዴ ነውና ሌላ ሰው ይፈለግ ብዬ ለምኜዎት ነበር። ሥራሽን ሥሪ አሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲፈርዱበት ያንን አሥራ ሁለት ዓመት በገዛ አፌ ነገርኩት። እስከ ዛሬ እስር ቤት ሄጄ ስጠይቀው ዓይኔን አያይም። ለማሰር ሲሆን ዝምድና አያዳላም፣ ለማዳን ሲሆን ግን ያዳላል ማለት ነው። ገብቶኛል።

5ኛ. ስለ ፍርዱ አፈጻጸም። ይህኛው ምስጋና ነው ወይስ ኑዛዜ፣ እርስዎ ይወስኑ።

በሰኔ ወር ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰኝ። የፍርዱ ትእዛዝ ለተከሳሿ በምታውቀው ቋንቋ እንዲነገራት፣ ቃለ መሐላ የፈጸመች አስተርጓሚ በቦታው እንድትገኝ ይላል። ምስክሮቻችን እንዲሰሙ ሲፈለግ ከቦታዬ የተነሣሁት እኔ፣ እናቴን ከቤቷ ለማስወጣት ስሜ ተፈልጎ ተገኘ። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ።

አስፈጻሚው፣ ሁለት ፖሊሶችና አቶ ደባልቄ ደጃፉ ላይ ነበሩ። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። አስፈጻሚው ትእዛዙን በየአንቀጹ ያነባል፣ እኔ እመልሳለሁ። ተከሳሽ ይዞታውን ለቃ ለከሳሽ ታስረክብ ሲል፣ እኔ በበርትኛ እንዲህ አልኳት። የመንግሥት ዳኞች ሰላም ብለውሻል። ሽማግሌዎቹን ሰምተው ቤቱ የሰዕዲያ ነው ብለዋል። ነገር ግን እንግዳሽ ተቸግሯል፣ መጋዘኑ ያፈሳል፤ ስለ አላህ ብላ ለዚህ ክረምት የውስጡን ቤት ታውሰው፣ እሷም እስከዚያ ልጇ ዘንድ ትቆይ ብለው ለምነውሻል።

እናቴ ወዲያው ተነሣች። ቤቱን ጠረገች። እንስራውን ውሃ ሞላች፤ እንግዳ ባዶ እንስራ ወዳለበት ቤት አይገባም አለች። በሩ ሲዘጋ ወደ ላይ ማንሣት እንደሚያስፈልግ ለአቶ ደባልቄ በእጇ አሳየቻቸው። ቁልፉን በሁለት እጇ ሰጥታ መረቀቻቸው። አስፈጻሚውም «ተከሳሿ ትእዛዙን በሚገባ ተረድታ በሰላም አስረክባለች» ብሎ ጻፈ፤ ትርጉሙ ትክክል ስለመሆኑ እኔ ፈረምኩ። እንዲህ ያለ ሰላማዊ አፈጻጸም በአገልግሎት ዘመኑ እንዳላየ ነግሮኛል።

አቶ ደባልቄ በርትኛ ለገበያ ያህል ይሰማሉ፤ ዘጠኝ ክረምት ቀላል አይደለም። ያልኩትን ሁሉ ሰምተዋል። እናቴ ስትመርቃቸው አንገታቸውን ደፉ። ቁልፉን ግን ተቀበሉ።

እንግዲህ ቃለ መሐላዬን አፍርሼ በሐሰት ማስተርጎሜን በገዛ እጄ ጽፌ አሳውቄዎታለሁ። ወንጀል መሆኑን አውቃለሁ፤ ስንቱን ሲቀጡበት አስተርጉሜያለሁ። ምስክር ካስፈለገዎት ያሉት አቶ ደባልቄ ናቸው። ችሎት ቀርበው በሰኔ ወር ቤቱን ሲረከቡ ምን እየተባሉ እንደተረከቡ በራሳቸው አፍ ይናገሩ። እሳቸው አማርኛቸው ጥሩ ነው፣ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም፤ ይሳቅባቸዋልም ብዬ አልሰጋም። ሼህ ሱለይማን ያሉትን ያንኑ እሳቸው ሲሉት በመዝገቡ ይሰፍራል። ከዚያ ወዲያ ብታሰር ግድ የለኝም።

ፍትሕ በክንፍ እንድትመላለስ ላደረጉ፣ በሩቁ ሆነው ለፈረዱ፣ በቅርብ ያለነው ላልታየንዎት ለክቡርነትዎ፣ ዕድሜና ጤና ከነመንበርዎ እንዲሰጥልኝ እየተመኘሁ፣ ከመንበርዎ በስተግራ ቆማ የኖረች

ኢቲዳል፣ የሰዕዲያ ልጅ
በዝርዝሩ ላይ ያለችው

ማሳሰቢያ፦ እናቴ እኔ ዘንድ ሆና ደኅና ናት። በየሶላቷ ዱዓ ስታደርግ እርስዎን በስም ትጠራዎታለች፤ ቤቷን ያጸኑላት ዳኛ መሆንዎን የነገርኳት እኔ ነኝ። ከትናንት ወዲያ ግን ዝናቡ ሲያባራ፣ ክረምቱ ሲወጣ እንግዳው የሚሄደው በየትኛው ቀን ነው ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን እርስዎ በጽሑፍ ይላኩልኝ፤ ቃል በቃል እነግራታለሁ።